ያልደረሰው ጥቅል

ማክሰኞ ጠዋት በከተማው የውሃ ቢሮ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደርቤ፣ የፓምፕ ሠራተኛዋ እቴነሽና የኮምፒውተር ባለሙያው ነበሩ። ፓምፑን የሚያዘው ኮምፒውተር ከቆመ፣ ቧንቧውም ከደረቀ ቀናት አልፈዋል። ባለሙያው የኮምፒውተሩን እምብርት፣ ከርነሉን፣ በአዲስ ሲተካ ቦታ ለማትረፍ ብሎ አሮጌውን አጥፍቶታል። ከከርነሉ ጋር አብሮ መታደስ ያለበት ላይብረሪ የሚባለው አጋዥ ፕሮግራም ግን ገና ለመጫን እንዲመች ታሽጎ በኢንተርኔት አልተሠራጨም።

«አንተው አሽገዋ» አሉ አቶ ደርቤ።

«ሞከርኩ ጋሽ ደርቤ፣ አቃተኝ። በነፃ እያሸገ ለዓለም የሚያድል አንድ ሰው ነው፤ ስሙን እንኳ አላውቅም። ያለንበትን ከተማ ጠቅሼ፣ ለምኜ ጽፌለታለሁ።»

«እንግዲህ በፈረንጅ ቸርነት ልንጠጣ ነው» አለች እቴነሽ።

በከተማው የወንዝ ውሃ የጠጡ ሕፃናት መታመም ጀምረዋል። አቶ ደርቤ ስልካቸውን አጥፍተው ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉ።

ቀትር ላይ መልሱ በአማርኛ መጣ። ባለሙያው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራው የቀረው የግማሽ ቀን ነው፤ ግን የምቀመጥበት ጊዜ አጣሁ። እኔም እዚሁ ከተማ ነኝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ለታመመች እናቴ ከወንዝ ውሃ ስቀዳ ነው የምውለው። ፍሬሕይወት።»

እቴነሽ ጀሪካን አንሥታ ለፍሬሕይወት ውሃ ልትቀዳላት ወደ ወንዙ ወረደች።