ብቻውን የቀረው መሰላል

ቤሴ ከጀልባዋ ወርዳ ቀና ስትል የቤቷን መሰላል አየችው። በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራው ቤቱ ግን የለም። መሰላሉ እግሩን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ፣ ባሕሩ ቦርቡሮ በጨረሰው ዳርቻ ላይ ወደ ባዶ ሰማይ ቆሟል። ማዶ ተሻግራ አራስ ልጇን ስትጠይቅ የከረመችው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። የያዘችው የሩዝ ከረጢት ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ ቤሴ፣ ምን ያስደነግጥሻል? ቤትሽ እግር አውጥቶ ሄደ!» አላት መረብ የሚጠግነው ሽማግሌ እየሳቀ። «ማዕበሉ ሊበላው ሲል መንደሩ በትከሻው ተሸክሞ አወጣልሽ።» በአገጩ ወደ ዳገቱ አመለከታት።

ዳገቱ የላቶንጋ ነበር። ፍየሏ አንዲት የቅርንፉድ ችግኝ ስለበላችበት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈጋት የላቶንጋ። ቤቷ እዚያ፣ ገና ፈሳሻቸው ባልደረቀ የቅርንፉድ ጉቶዎች መሐል ቆሟል። ላቶንጋ ከአባቱ የወረሳቸው ዛፎች ነበሩ። ላቶንጋ አንዱ ጉቶ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያውን ይሞርዳል።

ቤሴ መሰላሉ አጠገብ እንደቆመች ጉቶዎቹን በዓይኗ ቆጠረች።

«ምን ይገትርሻል?» ብሎ ጮኸባት ከላይ። «ቤት የመንደር ሸክም ነው፤ መሰላል የባለቤቱ። እሱንም እኔው ልሸከምልሽ ነው? ይዘሽው ነይ እንጂ፣ በየት ልትገቢ ነው?»

ቤሴ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗ ከጉቶዎቹ አልነሣ ብሎ ግን መንቀል አቃታት።