የአስጎብኚው ማጅራት

ጀልባው ሐይቁ መሃል ቆሞ ተሳፋሪው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ፣ ፀጉር አስተካካዩ የአስጎብኚውን ማጅራት እያየ ይቁነጠነጥ ነበር። የፀጉሩ የግራ መስመር ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። በስምንት ቀን ሦስት ከተማና ሦስት ሐይቅ ጎብኝቷል፤ የናፈቀው ግን ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ወሬው የማያልቀውን የመጀመሪያ ደንበኛውን ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከተጋቡ ወዲህ የመጀመሪያ ዕረፍታቸው ነውና እስኪመለሱ የማንንም ጭንቅላት እንደማይነካ ለሚስቱ ምሎላታል።

«ሐይቁን እያየህ ነው?» አለችው።

«ታዲያ ዓይኔን የት ላድርገው!» ሁለት ጣቶቹ ግን ጭኑ ላይ ይከፈቱና ይዘጉ ነበር።

«ጥያቄ ያለው አለ?» አለ አስጎብኚው።

የፀጉር አስተካካዩ እጅ ከሐሳቡ ቀድሞ ተነሳ። «ማነው ፀጉርህን እንዲህ ያደረገው፣ ወንድሜ?»

ጀልባው በሳቅ ተናጠ። አስጎብኚው ማጅራቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ራሴ ነኝ ጋሼ፣ በመስታወት እያየሁ።»

ሚስትየው ሐይቁን አየች፤ ባሏን አየች። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሳ የአንገት ልብሷን ፈታችና አስጎብኚው ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

«በል መቀሱን ከካልሲህ ውስጥ አውጣው» አለችው ባሏን።