አዲስ እንደሆነ ይቆይ

የዘቢባ ባል ጮሆ ጮሆ ድምፁ ተዘጋ። ኮምፒውተሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ አስሮጣለሁ ብሎ የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር እንዳይግል ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዝቶ በገዛ እጁ ገጥሞ ነበር። ማሽኑ ግን የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር በጀመረ ቁጥር ይግልና ድርግም ይላል። ይኸው አሁን ሻጩን ቤት ድረስ አስጠርቶ ቁም ስቅሉን እያሳየው ነው።

"ሌባ ነህ። የሞተ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ።"

ሻጩ የማሽኑን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።

ዘቢባ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። በዚህ በድሬዳዋ ሙቀት የሶፋው ላስቲክ ጭኗ ላይ ተጣብቋል። ሶፋው ከተገዛ በኋላ የተወለደው ልጃቸው ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ላስቲኩ ግን ዛሬም እንዳለ ነው። አንድ ቀን ጥጉን ላጥ ብታደርገው "የሰው ልፋት አይታይሽም?" ብሎ ሳምንት ሙሉ አኩርፏታል። የቴሌቪዥኑ ሪሞትም፣ የፍሪጁ በርም ከነላስቲካቸው ናቸው። እሷም ከዚያ ወዲህ አንዱንም ነክታ አታውቅም።

ሻጩ ማቀዝቀዣውን ከፕሮሰሰሩ ላይ አነሳና ገልብጦ አየው። ከዚያ ወደ ባሏ አዞረው። ፕሮሰሰሩን የሚነካው መዳብ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፏል።

"ይህን ሳትልጥ ነው የገጠምከው? ታዲያ ሙቀቱ በየት ይውጣ?"

"እንዳይቧጨር ብዬ ነው" አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

ማንም አልሳቀም። ዘቢባ ተነስታ ጓዳ ገባች። መቀስ ይዛ ተመለሰችና የሶፋውን ላስቲክ ከጥጉ መቁረጥ ጀመረች።