የአንቀጽ አንድ ሙክት

በማርስ ላይ የተቆረቆረችው አዲሲቷ አገር ሰባተኛ የምሥረታ በዓሏን ልታከብር ነው። የበዓሉ ወጥ ሠሪ ዝናሽ እንደየዓመቱ ቢላዋዋን ስላ፣ ላቱ መሬት ከሚጎትተው ሙክት አጠገብ ቆማለች። ቢላዋው ሰባት ዓመት ሙሉ ከሽንኩርት በቀር የቆረጠው ነገር የለም።

ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት አቶ ንጋቱ መነጽራቸውን እየወለወሉ መጡ። አንቀጽ አንድ የእሳቸው ኩራት ነው፦ «ፈጣሪ አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የራሱንም በአደባባይ አይገልጥም።» አገሩ በዚህ ሰላም ሆኖ ኖረ። ችግር የመጣው በበግ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ተብሎ ይታረድ?» አለች ዝናሽ። «‹በስመ አብ› ቢባል ግማሹ ሰው አይበላም፤ ‹ቢስሚላህ› ቢባል ሌላው ግማሽ ይቀራል።»

«ሁለት በግ ይታረድና ሁለት ድስት ይጣድ።»

«ያኔማ ማን ከየትኛው ድስት እንደወጣለት ሰፈሩ ሁሉ ያያላ!»

አቶ ንጋቱ አሰቡ፤ ድንገት ፊታቸው በራ። «አገኘሁት! እንደ አንቀጹ ነዋ! ‹በፈጣሪ ስም› ተብሎ ይታረድ።»

«እሺ፣ ይታረድ። እርስዎ ግን ይበሉታል?»

ሽማግሌው ሙክቱን አዩት፤ ሙክቱም አያቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ እንኳ... ዘንድሮም ሽሮው ይሻለኛል መሰለኝ።»

ዝናሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሷም ብትሆን አትበላውም ነበር። ቢላዋዋን ይዛ ሽንኩርቷን ልትከትፍ ገባች።

ሙክቱ በመስታወቱ ጣሪያ ሥር ሣሩን መጋጡን ቀጠለ። በዚያች አገር ከሕገ መንግሥቱ የእሱን ያህል የተጠቀመ የለም።