ሦስቱ የኖርማ ደብዳቤዎች

በሌሉ ሕፃናት ስም አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። በግራ እጄ እያንጋደድኩ፣ ፊደል እየገደፍኩ። ይህን አልክድም።

የኮሪያ ጦርነት ባበቃ በዓመቱ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሚስተር ግሊክ ኒው ዮርክ ውስጥ አስፈሪ ታሪኮችን በሥዕል የሚያሳትሙ ሰው ነበሩ። መጽሔታችን «ጥቁር ጓዳ» ይባላል። ፖስታ ቤት በቅናሽ ዋጋ እንዲያመላልስልን ከሥዕሉ ሌላ ሁለት ገጽ ጽሑፍ እንዲኖረው ግዴታ ነው። ሁለቱን ገጽ በአንባቢያን ደብዳቤ እንሞላለን። መልሱን የሚሰጠው «ገናዡ» ነው፤ ሬሳ እየገነዘ የሚቀልድ ሽማግሌ። አንዱን ገጽ ገናዡን ሆኜ የምጽፈው እኔ፣ ሌላውን ሲድኒ ፌንስተር ነበርን።

እውነተኞቹ ልጆች የሚጽፉት አንድ ዓይነት ነው፤ «መጽሔታችሁን እወዳለሁ፣ የገናዡን ሥዕል ላኩልኝ።» ገጽ በዚህ አይሞላም። ስለዚህ ደህና ደህናዎቹን እኛው እንፈጥራለን። ተቆጣጣሪ ቢመጣ እንዳንጋለጥ፣ ሚስተር ግሊክ እያንዳንዱ ደብዳቤ በእጅ ተጽፎ በፖስታ እንዲመጣ አዘው ነበር። ሲድኒ በየእሑዱ ፔንሲልቬንያ እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ የራሱን ከዚያ ይልካል። የትኛው የማን እንደሆነ አንነጋገርም። «የኔ ነው» ብሎ ያመነ ምሳ ይጋብዛል።

በዚያ ዓመት ቄሶችና መምህራን መጽሔቶቻችንን በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያቃጥሉ ጀመር። ሱቆችም ገንዘባቸውን ለማስመለስ ያልተሸጠውን ሽፋኑን እየቀደዱ ላኩልን። ሚስተር ግሊክ ሁለታችንን ጠሩን።

«ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ሁለት ሰው መያዝ አልችልም» አሉ። «የግንቦቱ እትም ላይ ገጹን የተሻለ የሠራ ይቀራል።»

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው በእኔ ነው።

በዚያው ሳምንት ሚልግሮቭ ከሚባል የፔንሲልቬንያ የከሰል ማዕድን መንደር አንድ ደብዳቤ መጣ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። «ስሜ ኖርማ ስታሼክ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሚስቱን ከሰል ሥር የቀበረውን ሰውዬ ታሪክ እንጀራ አባቴ አንብቦ ሳቀ። እናቴ በገና ማግስት ክሊቭላንድ ሄዳለች ይላል። ካፖርቷ ግን ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።»

የፖስታውን ማኅተም አየሁና «የሲድኒ ነው» ብዬ ፈገግ አልኩ። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወረቀቱን ለሲድኒ ሰጠሁት።

«ወይ ጉድ!» አለ አንብቦ። «ካፖርቱ አንጀቴን በላው። ማን ነው ይህን ያሰበው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ምሳ ላለመጋበዝ ነው? አንቺ ብልጥ!» ብሎ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

የራሱን ሥራ ያለ ኀፍረት እንዲህ የሚያደንቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የኔዎቹ ልጆች ከኖርማ አጠገብ እንጨት ነበሩ። ቅናት ያዘኝ።

ሁለተኛው መጣ። «ምድር ቤት ያለው የከሰል ክፍል ወለሉ አዲስ ሲሚንቶ ሆኗል። እንዳልወርድ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮታል።»

«አሁንስ እንቅልፍ ነሳችኝ» አለ ሲድኒ ወረቀቱን ሲመልስልኝ። «ይቺ ልጅ ከሥራ ታስወጣኛለች።»

«አታላግጥ እባክህ» አልኩት።

ሦስተኛው አጭር ነበር። «እባካችሁ አንድ ትልቅ ሰው ላኩ። እዚህ ፖሊሱ የሱ ጓደኛ ነው። ስሜን አታውጡ፤ መጽሔቱን እሱም ያነበዋል።» ከሥሩ የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር ነበረበት።

ይሄኔ እጄ ገባ አልኩ። በፈጠርነው ደብዳቤ ሥር የቤት ቁጥር ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ አንባቢ ሄዶ ያጣራል። ሲድኒ ግን አምሮለት ደንቡን ረሳ። ይህን አላሳየሁትም፤ ያርመዋል ብዬ ፈራሁ። ሦስቱንም አያይዤ፣ ከነሙሉ ስሟ፣ ከነቤት ቁጥሯ በገጼ ላይ አወጣኋቸው። የሆነ አንባቢ ይጽፍላታል፤ ደብዳቤው «እንዲህ ያለ ቤት የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ሚስተር ግሊክም የቤት ቁጥሩን የጻፈው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

በገናዡም አፍ መለስኩላት። «ኖርማ የኔ ቆንጆ፣ እንጀራ አባትሽን ሰላም በይልኝ። ሲሚንቶ አለሳሰኑ የባለሙያ ነው። ላንቺ የሚሆን ቦታ አስተርፎ እንደሆነ ጠይቂውማ።»

ሚስተር ግሊክ ከኅትመት በፊት አነበቡት። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ፐርል፣ አንቺ ሰይጣን ነሽ!» አሉኝ። ምስጋና ነበር።

እትሙ ማክሰኞ ዕለት በመላ አገሪቱ ሱቆች ደረሰ። ዓርብ ሲድኒ ተሰናበተ።

እርሳሶቹን ጫማ ካርቶን ውስጥ ሲከት አጠገቡ ቆምኩ። ይቆጣኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን እጁን ዘረጋልኝ።

«አልተቀየምኩሽም፣ ፐርል። ዕድሜ ልኬን ብጽፍ እንደዚያች ልጅ ያለ አንድ መስመር አይወጣኝም። ምሳውን እኔ እጋብዝሻለሁ፤ አሁንስ ንገሪኝ፣ ኖርማን ከየት አመጣሻት?»

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት አለፈው። ኖርማ የማናችንም ፈጠራ አልነበረችም። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።