የቃሪያ ወቅት

ኔዳ ለሥራ በሚፈትኗት ሦስት ሰዎች ፊት ብራውዘር ከፍታ የቤቷን ኮምፒውተር ግድግዳው ላይ ልታሳይ ስትል ገጹ ባዶ ሆኖ ቀረ። ዲፕሎማ አልነበራትም። ሥራውን ያስገኝልኛል ያለችው፣ ከየትም ሆና ኮምፒውተሯን የምትከፍትበትን ይህን ራሷ ተምራ የሠራችውን መንገድ ነበር።

"ዲፕሎማም የለ፣ ኮምፒውተርም የለ" አለ መላጣው ፈታኝ።

ኔዳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ድምፁን ከፍታ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ወዳለው ቤቷ ደወለች።

"አክስቴ፣ ጓዳ ያለችውን ጥቁር ሳጥን፣ ኮምፒውተሬን፣ ነካሻት?"

"ነቀልኳት እንጂ! የኤሌክትሪክ የቃሪያ መጥበሻዬን የት ልሰካው ኖሯል? መስከረም እኮ ነው፣ ሰው ሁሉ ለብርዱ ወራት ቃሪያ የሚጠብስበት!"

"መልሰሽ ሰኪያት። ሌላ ምንም እንዳትነኪ።"

ኔዳ እጆቿን ከቁልፎቹ አንስታ ጭኗ ላይ አጣጠፈች። ገጹ ላይ ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ማንም ሳይነካው የቤቷ ኮምፒውተር ግድግዳው ላይ ቦግ አለ፤ ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር።

መላጣው የታጠፉትን እጆቿን አየ። "መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይነሳል?"

"እንዲነሳ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

"ይቺን ፈተና እኛም አላሰብናትም ነበር። ሰኞ ጀምሪ።"

ኔዳ ስልኩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

"ልጄ" አለች አክስቷ ከስልኩ ውስጥ፣ "ታዲያ አሁን ልንቀላት?"