የሊባን ድምፅ

ትርሲትና ሊባን በተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው ከሌሎች ተጓዦች ጋር ሆነው አንድ የአፋር በረሃ ሸለቆ በእግር ሊያቋርጡ ወጡ። እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ የሚግባቡት ጆሯቸው ውስጥ በሚሰኩት አስተርጓሚ ነበር። እሱ በሶማሊኛ ሲናገር፣ መሣሪያው የእሱን ድምፅ አፍኖ በለስላሳ አማርኛ ያሰማታል። የሰው ቋንቋ መማር ከቀረ ቆይቷል።

ገደሎቹ መሃል ሲገቡ ሞገድ ስለማይደርስ የሁሉም አስተርጓሚ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ትርሲት የባሏን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች፤ ሻካራ፣ የማታውቀው ሰው ድምፅ ሆነባት። ኮዳዋን እያሳየ «ቢዮ» ሲላት ውሃ ማለቱ እንደሆነ ገባት። ከዚያች ቃል ሌላ የጋራ ነገር አጡ። ተጓዡ ሁሉ ዝም ብሎ ይሄድ ጀመር።

በመጨረሻው ቀን ዋዜማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሊባን እጇን ይዞ ረጅም ነገር ነገራት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምን እንዳለ ባይገባትም «እሺ» አለችው።

በማግስቱ ከሸለቆው ሲወጡ አስተርጓሚው ነቃ።

«ትናንት ምን ነበር ያልከኝ?»

ሊባን አመነታ። «ውሃ ስጪኝ ነው ያልኩሽ» አለ ለስላሳው ድምፅ።

ትናንት ከአፉ «ቢዮ» የሚል ቃል አልወጣም። ትርሲት ግን ኮዳዋን ፈትታ ሰጠችው። እሱም እንዳልጠማው እያስታወቀበት ጠጣ።